ወላጅ ለደግ ነገር ሲጠራ፦ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንባብ ቀን አዘገጃጀት

«ነገ ወላጅ ይዘህ ና!» ይህን ሰምቶ ያልደነገጠ ተማሪ የለም። ወላጁም ያው ነው። ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስበው «ምን አጥፍቶ ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ደግሞ «ስንት ብር ነው?»

ልጆቼ በሚማሩበት ትምህርት ቤት የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ውስጥ፣ ወተመህ በምንለው ማለቴ ነው፣ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። የንባብ ቀን ማዘጋጀት የጀመርነው እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። ሞንታርቦ ተከራየን። የክብር እንግዳ ጠራን። እንግዳው አንድ ሰዓት አርፍደው መጡ። ሦስት ንግግር ተደረገ፤ ሦስቱም ስለ ንባብ ጥቅም ነበር። አራት ጎበዝ ልጆች መድረክ ላይ ወጥተው ግጥም አነበቡ። የቀሩት በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ፀሐይ ላይ ቆመው አጨበጨቡ። መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው «መንካት ክልክል ነው» ተብሎባቸዋል። የንባብ ቀን ብለን፣ ከአራት ልጅ በቀር ያነበበ ሳይኖር ወደ ቤት ገባን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለን። እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ ትልቅ ሰው አምስት ደቂቃ ያነባል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያችን አምስት ደቂቃ ለማግኘት ነው።

ቀኑን መምረጥ

ስድስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ከዓለም አቀፍ ቀን ጋር ማያያዝ ከፈለጋችሁ ሁለት ምቹ ቀን አለ። ዓለም አቀፍ የልጆች መጽሐፍ ቀን መጋቢት 24 ነው። ዩኔስኮ በ1995 እ.ኤ.አ. የሰየመው የመጽሐፍና የቅጂ መብት ቀን ደግሞ ሚያዝያ 15 ይውላል። ጳጉሜን 3 የሚውለው የማንበብና የመጻፍ ቀንም አለ፤ ግን ለእኛ አይሆንም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ልጁም ልቡ እንቁጣጣሽ ላይ ነው። ሚያዝያ 15ን ከመረጣችሁ የፋሲካን ቀን አስቀድማችሁ እዩ። አንዳንድ ዓመት ሰሞነ ሕማማት ላይ ይወድቅና ማንም አይመጣም። ረመዳንንና ኢድንም እንዲሁ ተመልከቱ። ጥር ላይ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ስላለ አትሞክሩት።

የሳምንቱን ቀን ግን በራሳችሁ አትወስኑ፤ ወላጆችን ጠይቁ። እኛ «ቅዳሜ ለሁሉም ይመቻል» ብለን ነበር። ጉልት የሚሸጡ እናቶች ሳቁብን። ቅዳሜ ዋናው ገበያቸው ነው። ዓርብ የጁምዓ ሶላት አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። በመጨረሻ ያዋጣን ረቡዕ ጠዋት 2፡30 ነው። ልጁን ሊያደርስ የመጣ ወላጅ እዚያው ይቀራል። ሁለተኛ ትራንስፖርት አያወጣም።

አንድ ምክር ልጨምር። ትምህርት ቤቱን በሙሉ በአንድ ቀን አትሰብስቡ። አንድ ቀን አንደኛ ክፍል፣ ሌላ ቀን ሁለተኛ ክፍል ይሁን። ሕዝብ ሲበዛ ሞንታርቦ ያስፈልጋል። ሞንታርቦ ካለ ንግግር ይኖራል።

ቁጥሩን አስሉ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። አንድ ክፍል ውስጥ 52 ልጅ አለ እንበል። እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ካነበበ 260 ደቂቃ ነው። አንዲት መምህርት ብቻዋን ብትሰማ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጅባታል። 13 ትልልቅ ሰዎች ካሉ ግን ለአንዱ አራት ልጅ ይደርሰዋል፤ በ20 ደቂቃ ያልቃል። ቦታ መፈለጉና ግርግሩ ሲጨመር 40 ደቂቃ ያዙለት።

ስለዚህ ለአንድ ክፍል የሚያስፈልጋችሁ 13 ጆሮ ነው። ከ52 ወላጅ 13 ማምጣት ከባድ አይደለም። ቢያንስባችሁ መጠባበቂያ ያዙ። የስድስተኛ ክፍል ልጆች ጥሩ አድማጭ ናቸው። የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞችንም ጋብዙ። የእኛ ጥበቃ አንድ ዓመት አራት ልጆችን አዳመጡ። በማግስቱ ልጆቹ በር ላይ ሲያገኟቸው መጽሐፍ እያወጡ «ላንብብልዎት?» ማለት ጀመሩ።

ዜናውን ለቤተሰብ ማድረስ

ትምህርት ቤት ሲጽፍ ቋንቋው ይታወቃል። «ጥብቅ ማሳሰቢያ! ወላጆች በተጠቀሰው ሰዓት እንድትገኙ እያሳሰብን፣ ያልተገኘ ወላጅ…» እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሰው ሰው ቢመጣም ተቆጥቶ ነው የሚመጣው። በ2017 መጋቢት 24 ረቡዕ ዋለ። ያኔ ለአንድ ክፍል የላክነው ይህን ይመስላል፦

«ሰላም የ2ኛ ለ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ረቡዕ መጋቢት 24 ጠዋት 2፡30 ልጃችሁ ሊያነብላችሁ ይፈልጋል። የምንገናኘው ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ነው። 4፡00 ላይ እንጨርሳለን። ገንዘብ አንሰበስብም፤ ስለ ጥፋትም አናወራም። ካልተመቻችሁ አያት፣ አክስት ወይም ታላቅ ወንድም ላኩ። ማንበብ አለመቻል ችግር የለውም፤ የምንፈልገው የሚሰማ ሰው ነው።»

የማለቂያውን ሰዓት መጻፍ አትርሱ። «4፡00 ላይ እንጨርሳለን» የምትለዋ መስመር ከሥራው አስፈቅዶ የሚመጣን ሰው ታመጣለች። የገንዘቡም መስመር እንዲሁ። የመጨረሻዋ መስመር ግን ከሁሉም በላይ ናት። ማንበብ የማይችል ወላጅ «የንባብ ቀን» ሲባል ሊያዋርዱት የተጠራ ይመስለዋል። እንደማይዋረድ ካልነገራችሁት አይመጣም።

መልእክቱን በአንድ መንገድ ብቻ አትላኩ። ቴሌግራም ጥሩ ነው፤ ግን አንዴ ከለጠፋችሁ በኋላ ስልሳ «እሺ እናመሰግናለን» ይከተልና መልእክቱ ይቀበራል። ስለዚህ ከላይ ፒን አድርጉት። የክፍል መምህሯ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ የድምፅ መልእክት ትጨምር። በአካባቢያችሁ አፋን ኦሮሞ፣ ጉራጊኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ወላጆች ከበዙ በዚያም ቋንቋ ቅዱት። ስማርት ስልክ ለሌላቸው መገናኛ ደብተር ላይ ይለጠፍ። ሚኒ ሚዲያው ደግሞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ያንብበው። ከሁሉም የሚሠራው ግን ልጁ በገዛ እጁ የጻፈው መጥሪያ ነው። «እማዬ ረቡዕ ነይ። ላነብልሽ ነው።» ይህን ትቶ የሚቀር ወላጅ ጥቂት ነው።

ሦስት ጊዜ ላኩ፦ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሦስት ቀን ሲቀረውና በዋዜማው ማታ።

በነገራችን ላይ፣ ወላጅ ከትምህርት ቤት የሚሰማው ችግር ሲኖር ብቻ ከሆነ ለዚህ ቀን ብቻ ደግ ቃል ብትልኩለት አያምናችሁም። ዓርብ ዓርብ ሦስት መስመር መላክ ልመዱ። በዚህ ሳምንት ምን አነበብን? በሚቀጥለው ሳምንት ምን አለ? ቤት ውስጥ ልጃችሁን ምን ብላችሁ ጠይቁት? ይኸው ነው። አርማና ፊርማ አያስፈልገውም።

መጽሐፍ ከየት?

«መጽሐፍ የለንም» የሚለው ሰበብ ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። አለ፤ ቁልፍ ተደርጎበታል። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ግን አትውቀሱ። መጽሐፉ በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት መረከቢያ ቅጽ፣ ገቢ የሆነ ንብረት ነው። አንድ ቢጠፋ ክሊራንስ ሲጠይቁ ይመጣባቸዋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ወተመህና ርእሰ መምህሩ የተፈራረሙበት ቃለ ጉባኤ ያዙ። ልጆች ሲያነቡ መጽሐፍ ሊቀደድ እንደሚችል፣ ሠራተኛዋም እንደማትጠየቅበት ይጻፍ። ከወላጅ በስጦታ የመጡትን ደግሞ በሌላ ደብተር መዝግቡ። ይህ ወረቀት ሲያዝ ቁምሳጥኑ ይከፈታል።

መጽሐፍን ልጅ ወዳለበት መውሰድ እንደሚቻል አገራችን ውስጥ የታየ ነገር ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈቱት በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት ነበር። በኋላ ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ጭኖ ልጆች ወዳሉበት መሄድ ጀመረ። ቁምሳጥኑን እስከ ዛፉ ጥላ ድረስ ማምጣት ከዚያ አይከብድም።

እውነትም መጽሐፍ ከሌለ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩ። አራት ኤ4 ወረቀት ደራርባችሁ መሃል ላይ ስታጥፉት 16 ገጽ ይሆናል። እጥፋቱን በመርፌና በክር ሦስት ቦታ ውጉት። ስቴፕለር ሽቦው የትንንሽ ልጅ ጣት ይወጋል፤ እኔ ክር እመርጣለሁ። ለሽፋን የብስኩት ካርቶን ይበቃል። ታሪኩን ከቤት ያመጡታል። ልጁ አያቱን አንድ ተረት ይጠይቃል፣ በየገጹ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ሥዕል ይስላል። ከገበያ ከተገዛው መጽሐፍ ሁሉ ወላጆች እየተሻሙ ያዩት ይህኛውን ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ አንድ ቀን ልጆቹን አራት ኪሎ ወደ አብርሆት ውሰዷቸው። በ2014 ዓ.ም. ነው የተከፈተው፤ ለልጆች የተለየ ቦታ አለው። ከዝግጅቱ በፊት ብትሄዱ ይሻላል። ያን ያህል መጽሐፍ አንድ ላይ ያየ ልጅ ስለ ንባብ ብዙ መለፍለፍ አያሻውም።

ልጆቹን ማዘጋጀት

ሁለት ሳምንት፣ በቀን አሥር ደቂቃ። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚችለውን ገጽ ምረጡለት። መለኪያው ቀላል ነው። አንድ ገጽ ሲያነብ በሳተ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፍ። አምስቱም ጣቶች ካለቁ ገጹ ከብዶታል፤ ቀለል ያለ ስጡት።

ማንበብ የማይችል ልጅ ቢገጥማችሁ አትደንግጡ። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ዓመታት ቢያልፉም በየክፍሉ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ያ ልጅ በዚያ ቀን ተደብቆ እንዲውል አታድርጉ። ከፊደል ገበታው አንድ ረድፍ ይጥራ። ወይም ሥዕሉን እያየ ታሪኩን ይናገር። ስሙንና የእናቱን ስም ቢያነብም ይበቃል። ደንቡ አምስት ደቂቃ እንጂ አንድ ገጽ አይደለም።

ሁለት ነገር በደንብ አለማምዷቸው። አንደኛው ተመሳሳይ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ። ልዩነታቸው ከላይ ያለችው ትንሽ ሰረዝ ናት። ፎቶ ኮፒው ከደበዘዘ ትጠፋለች፤ ልጁም «ቸኮለ» የሚለውን ሌላ ነገር ያደርገዋል።

ሁለተኛው ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «እስካሁን» ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖር ነው። አንድ ልጅ «አዲስ አበባ ዋና ከተማ ናት» የሚለውን አላልቶ አነበበና ከተማችንን የመዋኛ ገንዳ አደረጋት። ፊደሎቹን አንድም አልሳተም፤ የሳተው ትርጉሙን ነው። ይህን ሊያስተካክልለት የሚችለው ቋንቋውን በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነው። ለዚህ ማንበብ አያስፈልግም። ፊደል ያልቆጠሩ እናትም «ምን አልክ? የምን ዋና?» ብለው ያርሙታል። እናቶችን መስማት ብቻ ይበቃል ብለን የጠራናቸው ለይሉኝታ እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

በዕለቱ

ሰሌን ወይም ምንጣፍ በክብ በክብ አንጥፉ፤ 13 ቦታ። በየቦታው ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይቁም። ልጆቹ የተመደቡበትን ቁጥር ከትናንት ጀምረው ይወቁት። ወላጅ በመጀመሪያ የራሱን ልጅ ያዳምጣል፣ ከዚያ ወላጅ ያልመጣላቸውን ሦስት ልጆች። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ። ሰው ያልመጣለት ልጅ ብቻውን ቆሞ ማየት ልብ ይሰብራል። ምደባው ላይ ስሙ ካለ ግን ማንም አያውቅበትም።

መክፈቻው ሦስት ደቂቃ ነው። ርእሰ መምህሩ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይበሉ፣ ይብቃ። ቀጥሎ አንዲት መምህርት ለአድማጮቹ እንዲህ ትበል። ልጁ ሲደናቀፍ ወዲያው አትንገሩት፤ በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። መጽሐፉን ከእጁ አትውሰዱ። «የእነ እገሌን ልጅ አታይም?» አትበሉ። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ «ከዚያስ?»

ይህችን «ከዚያስ?» የተማርኩት ከአንዲት አያት ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ሰሌኑ ላይ ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው አንበሳና አይጥ ታነብላቸዋለች። መጽሐፉን ለማየት እንኳ አልሞከሩም፤ ዓይናቸው ልጅቷ አፍ ላይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ «ከዚያስ?» ይላሉ። ሌላ ስትጨርስ «እሺ፣ ከዚያስ?» ልጅቷ የተመደበላት አንድ ገጽ ነበር። አራት ገጽ አነበበች። ደወል ሲደወል አያት ተቆጡ። «ቆይ እንጂ፣ አይጧ ምን ሆነች?»

ደወሉ በየአምስት ደቂቃው ይደወል። ሁሉም ልጅ ሲያነብ ተራው የትልልቆቹ ነው። መተረት የሚችል አንድ ሰው ከወላጆች መሃል አስቀድማችሁ አነጋግሩ። «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ፤ ግቢው ያን ጊዜ ነው የሚሞቀው። እንቆቅልሽም ጨምሩ። «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ»፤ መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ»። ሐዋሳን የሰጠ፣ ጎንደርን የሰጠ፣ አንዴ ዱባይንም የሰጠ ልጅ አይተናል።

ተረቱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ሲያልቅ እውነተኛ ዳቦ ይቅረብ። ድፎ ዳቦና ሻይ በቂ ነው። ረቡዕ ከሆነ ዳቦው የጾም ይሁን።

ስለ ሽልማት ሁልጊዜ ክርክር አለ። እኔ ሽልማት አልወድም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሲባል ለ49 ልጅ መሸነፊያ ቀን ይሆንበታል። የግድ ከሆነ ለሁሉም አንድ አንድ እርሳስ ስጡ። ፎቶ ስታነሡ ደግሞ የልጅ ፊት ያለበትን ከወላጅ ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ።

ውጭ አገር ላላችሁ

በእንግሊዝና በአየርላንድ የመጽሐፍ ቀን የሚከበረው በማርች የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ልጆች እንደ መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ለብሰው ይሄዳሉ፤ በእንግሊዝ የአንድ ፓውንድ የመጽሐፍ ኩፖንም ይሰጣቸዋል። በአሜሪካ ተመሳሳዩ ማርች 2 አካባቢ ነው። ዋዜማው ማታ ሱቅ ለሱቅ ከመሮጥ ቤት ውስጥ ያለውን እዩ። ለመጠምጠሚያ ነጭ ሻሽ፣ ጋቢና ጭራ ካለ አለቃ ገብረ ሃና ተሠሩ ማለት ነው። ልጁ ግን አንድ ቀልዳቸውን በእንግሊዝኛ መናገር ይልመድ፤ መጠየቁ አይቀርም። መምህሯ የሚያነብ ወላጅ ከፈለገች እጃችሁን አውጡ። አክሰንት ምናምን ብላችሁ አትሸሹ። አንድ ገጽ በአማርኛ፣ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ። የክፍሉ ልጆች ስማቸውን በፊደላችን እንድትጽፉላቸው ይሰለፋሉ።

ከዝግጅቱ በኋላ

በሁለት ቀን ውስጥ አጭር ዜና ላኩ። ስንት ልጅ አነበበ፣ ስንት ትልቅ ሰው አዳመጠ፣ ቀጣዩ መቼ ነው። ያልመጡትን አትውቀሱ፤ ዜናው ራሱ ያስቆጫቸዋል።

ከዚያ መጽሐፍ ወደ ቤት ላኩ። ዓርብ ይወጣል፣ ሰኞ ይመለሳል። አንድ ደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ የልጁ ስም፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ የወጣበት ቀን፣ ሲመለስ ያለበት ሁኔታ። በፌስታል ይያዝ፤ ዝናብ አለ፣ የምሳ ዕቃም ይፈስሳል። የጠፋ መጽሐፍ ቢኖር ልጁ አንዱን ተረት ጽፎ፣ በክር ሰፍቶ ይተካ።

አራተኛው ዓምድ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሐሳብ ነበር። መጀመሪያ ላይ «ገጽ 7 ተቀዷል»፣ «ሽፋኑ ታጥፏል» እያሉ በቀይ ይጽፉ ነበር። በቀደም ደብተሩን ሳገላብጥ በሰማያዊ የጻፉትን አየሁ። «ገጽ 12፣ ሽሮ ነክቶታል። ሦስት ሰው ቤት ውስጥ ተቀባብሎ አንብቦታል አለኝ።»